ገቢ አነስተኛ ሲሆን ባንክ መቀየር፦ ምርጫዎቹን እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

ባንክ ስለ መምረጥ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በወለድ ላይ ነው። የትኛው ባንክ ለተቀማጭ የተሻለ ወለድ እንደሚከፍል ማወቅ ትርፍ ገንዘብ ላለው ሰው ይጠቅማል፤ ደመወዙ ከወር ወር ለማያደርሰው ሰው ግን ትልቁ ጥያቄ ባንኩ ምን ያህል ይወስድብኛል የሚለው ነው። ስሌቱን እንመልከት። ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 2,000 ተቀማጭ ያለው ሰው 5 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት በዓመት 100 ያገኛል፤ ባንኩ በየወሩ 15 የአገልግሎት ክፍያ የሚቆርጥበት ከሆነ ደግሞ በዓመት 180 ይከፍላል። ወለዱን ወደ 7 በመቶ ከፍ ያደረገ ሌላ ባንክ የሚጨምርለት 40 ብቻ ሲሆን፣ ወርኃዊ ክፍያ የማይጠይቅ ባንክ ግን 180ውን ሙሉ በሙሉ ያስቀርለታል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ ምርጫዎቹን የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፤ ሂሳብዎ በወሩ ውስጥ እጅግ በሚሳሳበት ቀን ባንኩ ምን ያደርጋል? ደመወዝ በገባ ማግስት ሁሉም ባንክ ጥሩ ባንክ ነው። ልዩነቱ ወለል ብሎ የሚታየው ደመወዝ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ቀሪ ሂሳቡ ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን በታች ሲወርድ ወይም አንድ ክፍያ በቂ ገንዘብ አጥቶ ሲመለስ ነው።

ከሁሉ በፊት የራስን ስቴትመንት ማንበብ

የሌላ ባንክ ማስታወቂያ ከመመልከትዎ በፊት አሁን ያሉበትን ባንክ የሦስት ወር ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) አውጥተው መስመር በመስመር ያንብቡ። ባንኩ የቆረጠውን ማናቸውንም መጠን፣ ትንሽ ቢመስልም እንኳ፣ ከነምክንያቱ በወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ወርኃዊ የሂሳብ ክፍያ፣ የካርድ ክፍያ፣ የአጭር መልእክት ክፍያ፣ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ በማውጣትዎ የተቆረጠ፣ ገንዘብ ለማስተላለፍ የተቆረጠ፣ ቀሪ ሂሳብዎ ዝቅ በማለቱ የተጣለ ቅጣት፣ ለተመለሰ ክፍያ የተጠየቀ፣ ካለም የኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳብዎ ሲያልቅ ባንኩ በብድር የሚሸፍንልዎ ገንዘብ፣ ወለድ። በአህጽሮት ብቻ ተጽፎ ምንነቱ ያልገባዎት ተቀናሽ ካገኙ ባንኩን ከመጠየቅ ወደ ኋላ አይበሉ፤ ባንኩ ምክንያቱን ማስረዳት ካልቻለም ገንዘቡ እንዲመለስልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ወር ቀሪ ሂሳቡ ከሁሉም ዝቅ ያለበትን ቀንና መጠን ያስምሩበት። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም የክፍያዎቹ ድምርና ሂሳቡ የወረደበት ዝቅተኛ መጠን፣ ከየትኛውም የባንክ በራሪ ወረቀት የበለጠ ይነግሩዎታል። ስቴትመንት ላይ የማይታይ ወጪም አለ፤ ቅርንጫፍ ድረስ ለመሄድ የሚወጣው የትራንስፖርት ገንዘብና በሰልፍ የሚያልፈው የሥራ ሰዓት። በቀን ክፍያ ለሚተዳደር ሰው ለአንድ ፊርማ ሲባል የባከነ ግማሽ ቀን የዓመቱን የካርድ ክፍያ ሊያስከነዳ ስለሚችል፣ ይህም ከድምሩ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

መቆየት፣ ግን ሂሳቡን መለወጥ

ስቴትመንቱን በዚህ መልክ ያነበበ ሰው አንዳንዴ ባንክ መቀየር እንደማያስፈልገው ይገነዘባል። ደመወዝ በወሩ 28ኛ ቀን የሚገባለት፣ የቤት ኪራዩ ግን በ25ኛው ቀን በቀጥታ የሚቆረጥበት ሰው በየወሩ የሦስት ቀን ክፍተት አለበት። በእነዚያ ቀናት ክፍያው ይመለሳል፤ ባንኩ ለተመለሰው ክፍያ ያስከፍላል፤ አከራዩም የመዘግየት ቅጣት ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የትም ባንክ ቢሄድ ክፍተቱ ይከተለዋል። መፍትሔው የክፍያው ቀን ወደ ወሩ መጀመሪያ እንዲዛወር ከአከራዩ ጋር መስማማት ነው፤ ብዙ ተከፋይ ድርጅቶችም አስቀድሞ ከተጠየቁ ቀኑን ለመለወጥ ፈቃደኞች ናቸው።

ሌላው ሊጠየቅ የሚገባው በዚያው ባንክ ውስጥ ያለ ርካሽ ሂሳብ ነው። ባንኮች ክፍያ የሌለበት ወይም ክፍያው ዝቅ ያለ ሂሳብ እያላቸው ነባር ደንበኛን ወደዚያ የማዛወር ልማድ የላቸውም፤ ደንበኛው ራሱ በስሙ ጠርቶ ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጽ ያልቃል። የሂሳብ ቁጥሩ ሳይለወጥ ከቀረ ደግሞ አሠሪንም ሆነ ሌላ አካልን ማሳወቅ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ከሁሉም ለውጦች አደጋው አነስተኛ የሆነው ይህ ነው።

መቆየት የማይመከርበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሰውም ሳያውቀው ይጎዳበታል። ደመወዝዎ የሚገባበት ባንክ አበዳሪዎም ከሆነና የብድሩ ክፍያ ከዘገየ፣ ባንኩ ያልተከፈለውን ዕዳ ከዚያው ከደመወዝ ሂሳብዎ ላይ ቆርጦ ሊወስድ የሚችልበት መብት በብዙ አገሮች ሕግ ወይም በብድር ውሉ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ከኪራይም፣ ከመብልም፣ ከመድኃኒትም በፊት ባንኩ ቀድሞ ይከፈለዋል ማለት ነው። ዕዳውን ለመካድ ሳይሆን አከፋፈሉን ተደራድሮ በአቅም ልክ ለማድረግ ሲባል፣ ደመወዙን ዕዳ ወደሌለበት ሌላ ባንክ ማዞር በገንዘብ አማካሪዎች ዘንድ የተለመደ ምክር ነው። ሆኖም የብድር ውሉ ደመወዝ በዚያው ባንክ እንዲገባ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዳለው አስቀድሞ መነበብ ይኖርበታል፤ ካለ ሳያሳውቁ ማዛወር ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

መደበኛ ሂሳብ ወይስ መሠረታዊ ሂሳብ

ወደ ሌላ ባንክ ለመሄድ የወሰነ ሰው ከሁለት ዓይነት ሂሳብ አንዱን ይመርጣል። መደበኛው ሂሳብ ከኦቨርድራፍት፣ ከቼክና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር ይመጣል፤ መሠረታዊ ሂሳብ የሚባለው ደግሞ ገንዘብ መቀበልን፣ መክፈልን፣ ማስተላለፍንና በካርድ ማውጣትን ብቻ ይዞ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ ቋሚ አድራሻ ባይኖረውም እንኳ፣ እንዲህ ያለ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው፤ ባንኩም የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሂሳቡን መክፈት ወይም የከለከለበትን ምክንያት መግለጽ ይጠበቅበታል። ሕንድ በበኩሏ በዚያው ዓመት በጀመረችው ጃን ድሃን በተባለው መርሐ ግብር ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ የማይጠየቅባቸውን ሂሳቦች ለብዙ ሚሊዮን ዜጎቿ ከፍታለች። ባንኮች ይህን ዓይነት ሂሳብ እምብዛም ስለማያስተዋውቁ፣ በሚኖሩበት አገር በሕግ የተደነገገ መሠረታዊ ሂሳብ እንዳለ የሚረጋገጠው ከብሔራዊ ባንኩ ወይም ከሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነው።

እኔ ገቢው ለጠበበ ሰው መሠረታዊውን ሂሳብ አስቀድማለሁ። ኦቨርድራፍት አለመኖሩ እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ ነገር ግን ገንዘብ ከሌለ ክፍያው ዝም ብሎ እምቢ የሚልበት ሂሳብ፣ ክፍያውን አሳልፎ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ዕዳ ውስጥ ከሚያስገባ ሂሳብ ይሻላል። በኦቨርድራፍት ወር የሞላ ሰው የሚቀጥለው ደመወዙ የሚገባው ጎዶሎ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ቀድሞ ይጎድልበታል፣ ክፍተቱም በየወሩ እየሰፋ ይሄዳል። ከመፈረምዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ ክፍያው በገንዘብ እጥረት ምክንያት ውድቅ ሲደረግ ባንኩ ለዚያ ያስከፍላል ወይስ አያስከፍልም? አንዳንዶቹ ያስከፍላሉ።

በመደበኛ ሂሳቦች ላይ በጣም ሊጤን የሚገባው ወጥመድ «በቅድመ ሁኔታ ነፃ» የሆነው አቅርቦት ነው። ማስታወቂያው ወርኃዊ ክፍያ የለውም ይላል፤ ከሥር በትንንሽ ፊደላት ደግሞ በየወሩ ከዚህ መጠን ያላነሰ ገንዘብ ከገባ፣ ወይም ቀሪ ሂሳቡ ከዚህ በታች ካልወረደ የሚል ተጽፎበታል። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ይህን ቅድመ ሁኔታ ሳያስበው ያሟላል። ገቢው አንድ ወር ሞላ፣ ሌላ ወር ጎደል የሚል የቀን ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ግን ቅድመ ሁኔታውን የሚስተው ሥራ በጠፋበት ወር ነው፤ ክፍያውም የሚመጣበት ለመክፈል ከሁሉ በላይ በማይችልበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለውን ሂሳብ ሲመዝኑ አማካይ ገቢዎን ትተው ባለፈው ዓመት እጅግ የከፋውን ወር ይውሰዱና ቅድመ ሁኔታው በዚያ ወር ይሟላ እንደነበር ይመልከቱ። ካልተሟላ ሂሳቡን ነፃ ብለው አይቁጠሩት። ለአዲስ ደንበኛ ቃል የሚገባው የእንኳን ደህና መጡ ስጦታም አብዛኛውን ጊዜ ከተመሳሳይ ቅድመ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ክፍያዎችን ሲያነጻጽሩ አንድ ወጥ ክፍያንና በመቶኛ የሚታሰብን ክፍያ ለይተው ይመልከቱ። ገንዘብ ለማውጣት በእያንዳንዱ ጊዜ 5 የሚያስከፍል ባንክ፣ 1,000 ከሚያወጣ ሰው የሚወስደው ግማሽ በመቶ ሲሆን 100 ከሚያወጣ ሰው ግን የሚወስደው 5 በመቶ ነው። ትንሽ በትንሽ የሚያወጣ ሰው በመቶኛ የሚያስከፍለው ባንክ ሊሻለው ይችላል፤ ወይም በወር የተወሰነ ጊዜ በነፃ ማውጣት የሚፈቅደውን ይፈልግ።

ቁጠባና ብድር ማኅበራት

ቁጠባና ብድር ማኅበራት ንብረትነታቸው የአባላቱ ነው፤ ትርፉም ለአባላቱ ይከፋፈላል ወይም የብድር ወለድን ለማቃለል ይውላል። ባንክ የሚንቀውን አነስተኛ ብድር ስለሚሰጡና ከማስያዣ ይልቅ የቁጠባ ልማድን ስለሚያዩ፣ ድንገተኛ ወጪ ሲመጣ አራጣ አበዳሪ በር ከማንኳኳት ያድናሉ። በሌላ በኩል ኤቲኤምና የሞባይል አገልግሎት ላይኖራቸው ይችላል፤ አባል ለመሆን የሚገዛው አክሲዮንም እንደ ተራ ቁጠባ በፈለጉት ጊዜ አይወጣም። በእኔ ግምት ማኅበሩ ለቁጠባና ለብድር ጥሩ ሁለተኛ ቤት ነው፤ ደመወዝ ተቀብሎ ኪራይና መብራት ለመክፈል ግን ብቻውን አይበቃም።

የሞባይል ገንዘብና ቅርንጫፍ የሌላቸው ባንኮች

ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ገንዘብ ባንክ ያልደረሰበት ድረስ ዘልቋል። ሂሳቡን መክፈት ቀላል ነው፤ ወኪሉም ብዙ ጊዜ ከባንክ ቅርንጫፍ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብም በአብዛኛው አይጠየቅም። ክፍያው የሚከማቸው ገንዘብ በማስተላለፍና በተለይም በጥሬው በማውጣት ላይ ስለሆነ፣ የሚገዛበት ቦታ ሁሉ በስልክ የሚቀበል ከሆነ ርካሽ ነው፤ ገንዘቡን ሁሉ በጥሬው ለሚያወጣ ሰው ግን ወጪው ከባንክ ሊበልጥ ይችላል።

ቅርንጫፍ የሌላቸው ዲጂታል ባንኮችም ወርኃዊ ክፍያ ባለመጠየቃቸው ይማርካሉ። ከመግባትዎ በፊት ግን ጥሬ ገንዘብ በየት በኩል ማስገባት እንደሚቻል ይወቁ፤ የቀን ሥራውን ዋጋ በእጁ ለሚቀበል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስልክዎ ቢጠፋ ወይም ሂሳብዎ ለማጣራት ቢታገድ በሰው የሚመልስ የስልክ መስመር መኖሩንም ያረጋግጡ። መጠባበቂያ ለሌለው ሰው የአምስት ቀን እገዳ ማለት አምስት ቀን ያለ ገንዘብ መዋል ማለት ነው፤ ለዚህም ነው ያለዎትን ሁሉ በአንድ መተግበሪያ ላይ ያድርጉ ብዬ የማልመክረው።

ከሁሉም በላይ ገንዘቡን በእርግጥ የሚይዘው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ባንክ የሚመስሉ ብዙ መተግበሪያዎች ራሳቸው ባንክ አይደሉም፤ ገንዘቡን በሌላ ባንክ የሚያስቀምጡ አገናኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲናፕስ የተባለ የአሜሪካ አገናኝ ኩባንያ ሲከስር፣ በእርሱ በኩል በሚሠሩ መተግበሪያዎች ገንዘባቸውን ያስቀመጡ በርካታ ሰዎች ለወራት ማውጣት አልቻሉም፤ የአሜሪካ የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚከፍለው ባንክ ሲወድቅ እንጂ አገናኝ ኩባንያ ሲወድቅ አይደለምና። መድኑ በዚያች አገር ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ ቢሆንም፣ ለእነዚያ ሰዎች አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ባንክም ይሁን ማኅበር ወይም መተግበሪያ፣ ተቀማጩ በአገሩ የመድን ሥርዓት የተሸፈነ መሆኑን በጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት ሂሳብ መያዝ

ወርኃዊ ክፍያ የሌላቸው ሁለት ሂሳቦች ካገኙ፣ አንዱን ለቋሚ ወጪዎች፣ ሌላውን ለዕለታዊ ወጪ መመደብ ጥሩ አማራጭ ነው። ደመወዝ በአንደኛው ይገባል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃና የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያው ይወጣሉ፤ የተረፈው ተካፍሎ በየሳምንቱ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። በካርድ ወይም በስልክ የሚወጣው ከሁለተኛው ብቻ ስለሆነ የኪራዩ ገንዘብ ሳይታወቅ አይነካም፤ አንደኛው ቢታገድ ወይም ሥርዓቱ ቢቋረጥም ሌላው አለ። ሁለቱ ሂሳቦች በተለያዩ ባንኮች ከሆኑ በመካከላቸው ገንዘብ ማስተላለፍ ስንት እንደሚያስከፍል ማየት አይዘንጉ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚከፈል የማስተላለፊያ ክፍያ በዓመት 52 ጊዜ ይደመራል።

ዝውውሩን እንዴት ማካሄድ

ምርጫው ከተደረገ በኋላ አደጋው ያለው በዝውውሩ ሳምንታት ውስጥ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ባላት የሂሳብ ማዛወሪያ አገልግሎት አዲሱ ባንክ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ከሂሳቡ በቀጥታ የሚቆረጡ ቋሚ ክፍያዎችንና ገቢዎችን ያዛውራል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ባንኮች በዝውውሩ እንዲተባበሩ ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በሌለበት አገር ሥራው ሁሉ በደንበኛው ላይ ይወድቃል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ መጣደፍ ያስከፍላል።

አዲሱን ሂሳብ ሲከፍቱ ማንነትንና አድራሻን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠየቃሉ፤ በስምዎ የተጻፈ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ደረሰኝ ከሌለዎት ባንኩ በምትኩ ምን እንደሚቀበል በስልክ ጠይቀው ይሂዱ። ኦቨርድራፍት ያለበት ሂሳብ ሲጠየቅ የብድር ታሪክ ምርመራ ሊደረግ ስለሚችል፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለብዙ ባንኮች ማመልከት አይመከርም። የብድር ወይም የቤት ኪራይ ማመልከቻዎ ገና በመታየት ላይ ከሆነ ዝውውሩን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል።

ዝውውሩን ደመወዝ በገባ ማግስት ይጀምሩት እንጂ ሊገባ ሲል አይጀምሩት። የደመወዝ ክፍሉ የሂሳብ ለውጥ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ጠይቀው፣ ያ ቀን ካለፈ የመጀመሪያው ደመወዝ በአሮጌው ሂሳብ እንደሚገባ ቆጥረው ይዘጋጁ። ደመወዙ በአዲሱ ሂሳብ መግባቱን በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ ቋሚ ክፍያዎችን አያዛውሩ፤ በአሮጌው ሂሳብም ቢያንስ የአንድ ወር ቋሚ ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ ቢተው መልካም ነው፤ ይህ ካልተቻለ ክፍያዎቹን ከአነስተኛው ጀምሮ አንድ በአንድ ማዛወር ይቻላል። የሦስት ወር ስቴትመንት የማያሳያቸው በዓመት አንዴ የሚቆረጡ ክፍያዎች ስላሉ፣ ከመዝጋትዎ በፊት የ12 ወር ስቴትመንት ይመልከቱ። ገንዘብ የሚልኩልዎ ዘመዶች ካሉም አዲሱን የሂሳብ ቁጥር በጽሑፍ ላኩላቸው፤ በስልክ የተነገረ ቁጥር በአንድ አኃዝ ስህተት ሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሮጌውን ሂሳብ ጥሎ መሄድ ባንክ ለሚቀይር ሰው ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ያልተዘጋ ሂሳብ ወርኃዊ ክፍያ እየተቆረጠበት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ከዚያ ዕዳ ይሆናል። በአሜሪካ ዕዳ ይዞ የተዘጋ ሂሳብ ቼክስሲስተምስ በተባለው መዝገብ ለ5 ዓመት ሊቆይና ሌላ ባንክ አዲስ ሂሳብ እንዳይከፍት ሊያደርግ ይችላል፤ በሌሎች አገሮችም ያልተከፈለ ዕዳ ወደ ብድር መረጃ ቋት ሊገባ ይችላል። ሂሳብዎ አሁን ከዜሮ በታች ከሆነ አዲሱን መሠረታዊ ሂሳብ መክፈት ይችላሉ፤ አሮጌውን ግን ለመዝጋት ሳይጣደፉ ኦቨርድራፍቱ እንዳይጨምር አሳግደው ቀስ በቀስ ለመክፈል በጽሑፍ ይስማሙ።

ሁሉም ክፍያ ተዛውሮ ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ የመዝጊያ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ሂሳቡ ያለ ዕዳ መዘጋቱን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ደብዳቤም ይቀበሉ። ከዚያ በፊት ግን የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ስቴትመንት አትመው ወይም በስልክዎ አውርደው ያስቀምጡ፤ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ የሞባይል ባንኪንጉ ስለማይከፈት፣ ለብድር ወይም ለቤት ኪራይ የገቢ ማስረጃ ሲጠየቁ ከቀድሞው ባንክ ለማውጣት ሌላ ክፍያና ሌላ ቀን ይጠይቃል።